የአየር ብክለትና የአየር ንብረት ለውጥ በክፍል ውስጥ

በአካባቢ ሳይንስ፣ በጂኦግራፊ፣ በባዮሎጂና በኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ስለ አየር ብክለትና ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚያወሱ ምዕራፎች በየደረጃው ገብተዋል። ይሁን እንጂ ምዕራፎቹ በመኖራቸው ብቻ ትምህርቱ ተሰጥቷል ለማለት አይቻልም። «የአየር ንብረት ለውጥ መንስኤው ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ተማሪው «የፋብሪካ ጢስ»፣ «ቆሻሻ በየቦታው መጣል»፣ «የኦዞን መሳሳት»፣ «የደን መጨፍጨፍ» እያለ በተርታ ይደረድራል። ከእነዚህ መልሶች አንዳንዱ እውነት ነው፤ አንዳንዱ በከፊል እውነት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የሌላ ጥያቄ መልስ ነው። አራሚው መምህርም መልሱ ከመጽሐፉ ዝርዝር ጋር ስለሚገጥም ሙሉ ነጥብ ሰጥቶ ያልፋል። ተማሪው ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደ አንድ ይዞ ከክፍል ይወጣል።

መደባለቁ እንደ ቀላል ስሕተት ሊታይ አይገባውም። የሚታየውን ጢስ ብቻ እንደ ጎጂ የሚቆጥር ልጅ፣ ጢሱ አልቆ ፍም ብቻ የቀረውን የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ይተኛል። በሌላ በኩል የአየር ንብረት ለውጥ ማለት የከተማ ጢስ ነው ብሎ የሚያምን የገጠር ልጅ፣ በመንደሩ ፋብሪካም መኪናም ስለሌለ ነገሩ አይመለከተኝም ብሎ ይደመድማል፤ ወላጆቹ ግን የበልግ ዝናብ ቀርቶባቸው እህል ሳያመርቱ የከረሙ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከቃሉ የሚጀምር ችግር

የመደባለቁ አንዱ ምንጭ በቋንቋው ውስጥ ይገኛል። በአማርኛ «አየር ለመቀበል ወጣ» ሲባል የሚተነፈሰው ነገር ማለት ነው። «ዛሬ አየሩ ከብዷል» ሲባል የዕለቱ ሁኔታ ማለት ነው። «የደጋ አየር ተስማማው» ሲባል ደግሞ የአንድ አገር ከዓመት እስከ ዓመት ጸንቶ የሚኖር ጠባይ ማለት ነው። ሦስቱም በአንድ ቃል ይጠራሉ። በኦሮምኛም «ቂሌንሳ» የሚለው ቃል ተመሳሳይ ሸክም ተሸክሞ ይገኛል። ተማሪው ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስና ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ኤር፣ ዌዘር፣ ክላይሜት የሚሉ ሦስት የተለያዩ ቃላት ያጋጥሙታል፤ በዚያን ጊዜ ግን ስምንት ዓመት የቆየው መደባለቅ ሥር ሰድዷል። ስለሆነም ልዩነቱ መነገር ያለበት በአፍ መፍቻ ቋንቋ በሚሰጠው ትምህርት፣ በታችኛው ክፍል ነው።

ቋንቋው ችግር እንደፈጠረ ሁሉ መፍትሔም አለው። «ንብረት» የሚለው ቃል ለዛሬ ተማሪ ገንዘብና ሀብት ማለት ስለሆነ «የአየር ንብረት» ሲባል የአየር ሀብት እየመሰለው ይጸናል። ቃሉ ግን የመጣው ከግዕዙ «ነበረ» ነው፤ ተቀመጠ፣ ኖረ፣ ጸና ማለት ነው። የአየር ንብረት እንግዲህ የአየር አኗኗር፣ በአንድ ስፍራ ለረዥም ዘመን ጸንቶ የኖረው ሁኔታ ማለት ይሆናል። የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት አማካዩን ለማውጣት የሚጠቀምበት ዘመን 30 ዓመት ነው። መምህሩ ይህን ትርጉም በአምስት ደቂቃ ቢያስረዳ፣ «ትናንት ብርድ ነበር፤ ታዲያ ዓለም ሞቀ የሚባለው እንዴት ነው?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ ግማሽ መልሱን ያገኛል። አንድ ትዕግሥተኛ ሰው አንድ ቀን ቢቆጣ ጠባዩ ተለወጠ አይባልም፤ ዓመት ከዓመት ቁጡ ሆኖ ሲገኝ ግን ይባላል።

ሌላው አሳሳች አነጋገር «የተቃጠለ አየር» ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን በዚህ ስም መጥራት በብዙ ክፍሎች የተለመደ ነው። ስሙን የሰማ ልጅ ጥቁር፣ የሚሸትና የሚያስነጥስ ነገር ይታየዋል። እውነቱ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀለም የለውም፤ በአየር ውስጥ ባለው መጠንም አይሸትም፤ ሰውም እንስሳም በየትንፋሹ ያስወጣዋል፤ ለስላሳ መጠጥ ሲከፈት የሚንፈቀፈቀውም እርሱ ነው። ዕፅዋት ያለ እርሱ ምግባቸውን ሊያዘጋጁ አይችሉም። ይህ ጋዝ ዓለምን የሚያሞቀው ቆሻሻ ስለሆነ አይደለም። የሚያሞቀው የሙቀት ጨረርን የመያዝ ባሕርይ ስላለው ነው። ስሙን ጨርሶ መተው ባይቻል እንኳ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ» ብሎ መጥራትና ጢስ አለመሆኑን ደጋግሞ ማስታወስ ይገባል።

በማድ ቤት ውስጥ

ስለ አየር ብክለት ሲሰጥ የቆየው ትምህርት ምሳሌዎቹን የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ አገር የፋብሪካ ጢስ ማውጫ ነው። ለአብዛኛው የኢትዮጵያ ተማሪ ግን እጅግ የተበከለው አየር የሚገኘው በራሱ ቤት፣ በጉልቻው ዙሪያ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶ፣ ከሰል፣ ኩበትና ላምባ በሚወጣ ጢስ የተነሣ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። ከእነዚህም መካከል ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ይገኙበታል፤ በሳንባ ምች የሚሞቱት ይበዛሉ። እንጀራ የምትጋግር እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን የሚተነፍሱት አንድ አየር መሆኑን ተማሪው ራሱ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ መምህሩ ሊያስተምረው የሚገባው ምክንያቱን ነው።

ከጢሱ ውስጥ የከፋው ጉዳት የሚመጣው በዓይን ሊለይ ከማይችል ደቃቅ ብናኝ ነው። የአንዱ ብናኝ ስፋት ከ2.5 ማይክሮን አይበልጥም፤ ይኸውም ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ሠላሳኛው እጅ ገደማ መሆኑ ነው። ትልቁ አመድ በአፍንጫና በጉሮሮ ይያዛል፤ ይህ ግን እስከ ሳንባው ጥልቅ ክፍል ዘልቆ፣ ከፊሉም ወደ ደም ገብቶ ልብንና የደም ሥርን ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ መክሯል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የተገኙት ልኬቶች ከዚህ በላይ ናቸው፤ በተዘጋ ማድ ቤት ውስጥማ በመጋገር ሰዓት መጠኑ ከጎዳናው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ነጭ ወረቀት ቫዝሊን በስሱ ተቀብቶ አንዱ ጢስ በሚበዛበት ማድ ቤት፣ አንዱ በመንገድ ዳር፣ አንዱ ከመንገድ በራቀ ዛፍ ላይ፣ አንዱም በክፍሉ መስኮት ላይ ለሦስት ቀን ቢሰቀል ልዩነቱ በዓይን ይታያል። በክፍሉ መስኮት ላይ የተሰቀለው አንዳንድ ጊዜ ከመንገዱ የባሰ ጠቁሮ ሊገኝ ይችላል፤ የጠመኔ ብናኝና የግቢው አቧራ ምን ያህል እንደሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። ሆኖም ወረቀቱ የሚይዘው ትልልቁን ብናኝ እንጂ ሳንባ የሚደርሰውን ደቃቁን እንዳልሆነ መምህሩ መናገር አለበት። ያ ካልተነገረ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ የተገኘበት ቤት አየሩ ንጹሕ ነው ተብሎ ይደመደማል።

ከሁሉ በፊት ሊነገር የሚገባው ግን የካርቦን ሞኖክሳይድ ነገር ነው። የከሰል ፍም አየር ሲያጥረው ይህን ጋዝ ያወጣል። ጋዙ አይታይም፤ አይሸትም፤ ዓይን አያቃጥልም። ከደም ጋር ከኦክስጅን ይልቅ አጥብቆ ስለሚቆራኝ ሰውየው ራስ ምታትና ድካም ተሰምቶት እንቅልፍ የመጣበት እየመሰለው ይሞታል። ከሰል ሳያጠፉ በተዘጋ ክፍል ተኝተው ያልነቁ ቤተሰቦች ወሬ በብርዳማዎቹ ወራት በየከተማው ይሰማል። «ጢሱ እስኪያልቅ ውጭ ይቀጣጠል፤ ከዚያ ይግባ» የሚለው የቤት ልማድ ጢሱን ያስወግዳል፤ ገዳዩን ጋዝ ግን አያስወግድም። ትምህርቱ ለፈተና ከመድረሱ በፊት ለቤት ይደርሳል የተባለ እንደሆነ፣ ከዚህ የሚቀድም የትምህርት ርእስ የለም።

ሁለት ጉዳት፣ ሁለት ሚዛን

የማድ ቤቱ ምሳሌ ብክለትና የአየር ንብረት ለውጥ የሚለያዩበትን መንገድ ለማሳየትም ይረዳል። እንጨት ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛፉ ባደገባቸው ዓመታት ከአየር የወሰደው ነው፤ በተቆረጠው ምትክ ሌላ ከበቀለ ሒሳቡ ከጊዜ በኋላ ይዘጋል። ጢሱ ግን ዕለቱን ሳንባ ይጎዳል። የቡታጋዝ ምድጃ የዚህ ግልባጭ ነው። ጢስ የለውም ለማለት ይቻላል፤ ለጋጋሪዋ እፎይታ ነው፤ የሚያወጣው ካርቦን ግን ለሚሊዮን ዓመታት ከምድር በታች ተቀብሮ የኖረ ስለሆነ በአየር ላይ ተጨማሪ ነው። ኩበት የነደደ እንደሆነ ደግሞ ሦስተኛ ጉዳት ይመጣል፤ ለእርሻው ሊሆን የሚገባው ማዳበሪያ አብሮ ይነዳል። የትኛው ማገዶ «ጥሩ» ነው የሚለው ጥያቄ መልሱ እንደሚለካው ጉዳት ይለያያል፤ ተማሪዎች በዚህ ላይ እንዲከራከሩ ማድረግ የምዕራፉን ዝርዝር በቃል ከማስጠናት ይበልጣል። ማገዶ ቆጣቢ የሆኑት ምርጥ ምድጃና ላቀች ምድጃ፣ ደግሞም ከውሃ ኃይል በሚመነጭ መብራት የሚሠራ ምጣድ በዚሁ ሚዛን ሊመዘኑ ይችላሉ።

በጊዜ ረገድም ልዩነታቸው ሰፊ ነው። ብናኝ በአየር ላይ የሚቆየው ለቀናት ወይም ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ የክረምት ዝናብ አጥቦ ያወርደዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ግን ዝናብ አያጥበውም። ዛሬ ወደ አየር ከገባው ውስጥ ከፊሉ ከመቶ ዓመታት በኋላም በዚያው ይገኛል። የአንድ ከተማ አየር ጢስ የሚያወጡት ሲቆሙ በሳምንት ሊጠራ ይችላል፤ የሞቀች ምድር ግን በሳምንት አትቀዘቅዝም።

የኦዞን ነገር እዚህ ላይ ሊለይ ይገባዋል። በምድር ዙሪያ ያለው የኦዞን ሽፋን የሳሳው በማቀዝቀዣዎችና በመርጪያ ቆርቆሮዎች ውስጥ ይገቡ በነበሩ ኬሚካሎች ነው፤ ጉዳቱም የፀሐይ አልትራ ቫዮሌት ጨረር መብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ኬሚካሎቹን ስላስቀረ ሽፋኑ ቀስ በቀስ በማገገም ላይ ይገኛል። «ኦዞን ተቀዶ ፀሐይ ስለገባ ዓለም ሞቀ» የሚለው አባባል በመምህራን ዘንድ ሳይቀር ይሰማል፤ የተሳሳተ ነው።

ኅዳር 12

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። ልማዱ የሚያያዘው በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ካዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጋር ነው። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ያለው ይህ ወረርሽኝ በአዲስ አበባ በሺህ የሚቆጠር ሰው ፈጅቷል። በዚያ ዘመን በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ገና አልታወቀም ነበር፤ ከሰው ላይ ተለይቶ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። መድኃኒት ባልነበረበት ጊዜ ሰፈርን መጥረግና ማጠን በሰው እጅ የቀረ ብቸኛ ነገር ነበር።

ይህ ቀን ለመምህሩ ከየትኛውም ምዕራፍ የበለጠ ሕያው ትምህርት ነው። ቢሆንም በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ልማዱን ኋላ ቀር ብሎ ማብጠልጠል ልጁን ከአያቱ ጋር ያጣላል እንጂ ምንም አያስተምርም። የመጥረጉ ክፍል ዛሬም የሚያስመሰግን ነው፤ የተለወጠው የሚጠረገው ነገር ነው። በ1911 ዓ.ም. የተቃጠለው ቅጠል፣ ገለባና ጨርቅ ነበር፤ ዛሬ የሚቃጠለው ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክና የጎማ ቁራጭ ነው። ከእነዚህ የሚወጣው ጢስ ዳይኦክሲን የመሳሰሉ መርዞች ሊኖሩት ይችላል።

ከዚህም ሌላ የወቅቱ አየር አለ። በኅዳር ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከመሬቱ ጋር የተያያዘው አየር ከበላዩ ካለው ይልቅ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ላይ አይነሣም፤ የበላዩ ሞቃት አየር እንደ ክዳን ይሆንበታል። አዲስ አበባ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ በተዳፋትና በጉድጓዳ ስፍራዎች የተቀመጠች በመሆኗ ጢሱ ፀሐይ ወጥታ መሬቱን እስክታሞቀው ድረስ በየሰፈሩ ተኝቶ ይቆያል። ጠዋት ከከፍታ ቦታ ላይ ቁልቁል የተመለከተ ሰው ግራጫ ምንጣፍ ተነጥፎ ያያል። በለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነበር፤ የድንጋይ ከሰል ጢስ በእንዲህ ዓይነት የአየር ክዳን ሥር ለአምስት ቀናት ታምቆ በመቆየቱ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል፤ የአገሪቱ የንጹሕ አየር ሕግም ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1956 ወጥቷል። ተማሪዎች ከኅዳር 12 አስቀድሞ ባሉት ቀናት፣ በዕለቱና በማግስቱ ከትምህርት ቤቱ ሆነው የሩቁን ተራራ ወይም ሕንፃ አጥርተው ማየት መቻላቸውን በየጠዋቱ ቢመዘግቡ የራሳቸው ማስረጃ ይኖራቸዋል።

ውርጭና ጋቢ

የሙቀት አማቂ ጋዞች አሠራር አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጸው በመስተዋት ወይም በፕላስቲክ በተሸፈነ የአትክልት ቤት ነው። በዝዋይና በሆለታ አካባቢ ያሉ ተማሪዎች የአበባ እርሻዎቹን ስለሚያውቁ ምሳሌው ይገባቸዋል፤ ለሌላው ግን ባዕድ ነው። ምሳሌው ራሱም እንከን አለበት፤ የፕላስቲኩ ቤት የሚሞቀው በዋናነት ሞቃቱ አየር ተነሥቶ እንዳይወጣ ስለሚታገድ ነው እንጂ ጨረር ስለተያዘ አይደለም።

የደጋ ገበሬ ልጅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በእጁ አለው። ውርጭ የሚወርደው መቼ ነው? ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ በሞላበት ሌሊት ነው። ደመና ባለበት ሌሊት ውርጭ አይፈራም። ምክንያቱም መሬት ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት በማይታይ ጨረር መልክ ወደ ሰማይ ትመልሳለች፤ ደመናና በአየር ውስጥ ያለው የውሃ እንፋሎት ይህን ጨረር ተቀብለው ከፊሉን ወደ መሬት መልሰው ይልካሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴንም የሚሠሩት ይኸንኑ ነው፤ ልዩነቱ የማይታዩና ሌሊትም ቀንም፣ በበጋም በክረምትም የማይለዩ መሆናቸው ነው። ጋቢም ሌላ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። ጋቢ የራሱ እሳት የለውም፤ የለባሹ ሙቀት ቶሎ እንዳይሄድ ብቻ ያዘገያል። እነዚህ ጋዞች ጨርሶ ባይኖሩ የምድር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ነበር፤ በተፈጥሮ ያሉት ጋዞች ወደ 15 ዲግሪ ገደማ አድርሰውታል። ጋቢው ራሱ ሕይወት ነው፤ ችግሩ በላዩ ሌላ እየተደረበ መሄዱ ነው።

ይህ እውቀት የትናንት አይደለም። አሜሪካዊቷ ዩኒስ ፉት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፀሐይ ላይ ከተራው አየር ይበልጥ እንደሚሞቅ በ1856፣ ጆን ቲንዳል ጋዞች የሙቀት ጨረርን እንደሚይዙ በ1859 በሙከራ አሳይተዋል። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ምድርን ምን ያህል ሊያሞቅ እንደሚችል ያሰላው በ1896 ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ የመጨረሻውም የዐድዋ ዘመቻ ዓመት ነው። በአየር ውስጥ ያለው መጠን ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን እጅ 280 ያህል ነበር። ቻርልስ ኪሊንግ በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1958 መለካት ሲጀምር 315 ገደማ ደርሶ ነበር፤ አሁን ከ420 በላይ ነው። እ.ኤ.አ. 2024 በመሣሪያ ልኬት ታሪክ ከሁሉም የሞቀው ዓመት ሆኖ ተመዝግቧል።

በአንዳንድ መመሪያዎች ውስጥ በሁለት ጠርሙስ የሚሠራ ሙከራ ይገኛል፤ በአንዱ አቼቶና ሶዳ ተደባልቆ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል፤ ሁለቱም በአምፖል ይሞቃሉ፤ ጋዝ ያለበት ይበልጥ ሲሞቅ ሙከራው ሰምሮ ይታያል። መምህራን ይህን ቢተዉት ይሻላል። የሙቀቱ ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ጋዙ ከአየር የከበደ በመሆኑ ከውጭው አየር ጋር ቶሎ ስለማይቀላቀል ነው፤ ጨረርን በማይይዘው በአርጎን ጋዝም ተመሳሳይ ውጤት ይገኛል። ስለ ውርጭ ከልጆቹ ጋር መነጋገር ከዚህ ሙከራ የበለጠ እውነት አለው፤ ወጪም የለውም።

ድርቅን ስለ ማስተማር

ብዙ መምህራን የአየር ንብረት ለውጥን ምሳሌ ሲፈልጉ የ1977 ዓ.ም.ን ረሃብ ያነሣሉ። ድርቅ በኢትዮጵያ ከዚህ ዘመን ሙቀት በፊት የነበረ ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የሆነው «ክፉ ቀን» ከብት ባለቀበት በሽታ፣ በድርቅና በአንበጣ የመጣ ነበር። የ1977ቱም ቢሆን የዝናቡ መቅረት ብቻ ያመጣው አይደለም፤ ጦርነቱና የጊዜው ፖሊሲ ያደረሱትን ጉዳት የታሪክ ጸሐፊዎች በሰፊው ጽፈውበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የክረምቱ ዝናብ የታወከው በኃይለኛ ኤልኒኞ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ አስፈልጎታል። እንዲህ ያለውን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት ተማሪው ምክንያትን ከምክንያት መለየት እንዳይማር ያደርገዋል።

ለውጡ የታየበት ምሳሌ ግን አለ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ በቦረና፣ በሶማሌና በአጎራባች አገሮች ለአምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ዝናብ አንሶ ወይም ቀርቶ ከብቱ አልቋል፤ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች በ2023 እንዳስታወቁት የምድር መሞቅ ከአፈርና ከዕፅዋት የሚተነውን እርጥበት በማብዛቱ ድርቁን እጅግ አክብዶታል። በቢሾፍቱ አካባቢና በኮሎምቢያ ተራሮች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ደግሞ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ስፍራዎች እንደሚወጣ አሳይቷል። ወይና ደጋ ተብሎ ወባን ሳይፈራ የኖረ ሰፈር ልጅ ይህን ትምህርት በቀላሉ አይረሳውም።

የደንም ጉዳይ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው ቁጥር ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ ኖሯል። ጄምስ ማካን የተባሉት የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ ቁጥሩ በጽኑ ማስረጃ ያልተደገፈ መሆኑን አሳይተዋል። የደን መመናመን እውነት ነው፤ ተማሪው በየቀበሌው ያየዋል። እውነቱን ለማስተማር ግን የማይጸና ቁጥር አያስፈልግም፤ የሰፈሩን ሽማግሌ «ልጅ በነበሩበት ጊዜ ማገዶ ከየት ይለቀም ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

በዚህ ምዕራፍ ውስጥ አስቸጋሪ የሚሆነው የተማሪው ጥያቄ አንድ ነው። ኢትዮጵያ ነዳጅ በማቃጠል ወደ አየር የምትለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዓለም ድምር ከአንድ በመቶ አንድ አሥረኛ ያነሰ ነው፤ መብራቷም ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ኃይል የሚገኝ ነው። «ታዲያ ሌላው ባሞቀው እኛ ለምን እንቀጣለን? ዛፍ ብንተክልስ ምን ይለውጣል?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቀው፤ በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ላይም የኢትዮጵያና የሌሎች አዳጊ አገሮች ልዑካን ያነሡት ይኸንኑ ነው። መምህሩ ጥያቄውን «ሁላችንም ኃላፊነት አለብን» በሚል ቃል ማድበስበስ የለበትም። በጋራ የተተከለ ችግኝ የዓለምን ሙቀት ለብቻው እንደማይመልስ፣ ነገር ግን የሰፈሩን አፈር እንደሚይዝ፣ ምንጩን እንደሚያቆይ፣ ማገዶ እንደሚሆን በግልጽ መናገር ይቻላል። ጥቅሙ ለራስ ነው ተብሎ የተተከለ ችግኝ ደግሞ ለበዓል ከተተከለው የተሻለ ውሃ ያገኛል።

ስለ ፈተናና ስለ መዝገብ

ለዚህ ሁሉ አዲስ የትምህርት ዓይነት መክፈት አያሻም፤ የክፍለ ጊዜው ጥበትና የክፍሎቹ መጨናነቅ የታወቀ ነው። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችና ዕቅድ አውጪዎች ሊመለከቱት የሚገባው የፈተናውን ጥያቄ ነው። «አራት የአየር በካዮችን ዘርዝር» የሚል ጥያቄ እስካለ ድረስ ዝርዝር ይጠናል። «በቡታጋዝ የሚሠራ ማድ ቤትና በማገዶ የሚሠራ ማድ ቤት ለጋጋሪዋ ጤናና ለአየር ንብረት ያላቸውን ልዩነት አስረዳ» የሚል ወይም «ጢሱ ያለቀ የከሰል ፍም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለምን አደገኛ ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ቢወጣ መምህሩ ሳይታዘዝ አስተማሩን ይለውጣል።

ሁለተኛው የዝናብ መዝገብ ነው። አፉና ታቹ እኩል የሆነ ቀጥ ያለ የቲማቲም ጣሳ ዛፍና ጣሪያ በማይከልለው ስፍራ ከቆመ የዝናብ መለኪያ ይሆናል። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በማስመሪያ ተለክቶ የተገኘው ሚሊ ሜትር ይጻፋል፤ ጣሳውም ይደፋል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሜትር ካሬ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ስለሚሆን የሒሳብ መምህሩ 200 ሜትር ካሬ ከሆነው የትምህርት ቤት ጣሪያ ምን ያህል ውሃ እንደፈሰሰ ማሠራት ይችላል። በልግ ገባ፣ ክረምት ዘገየ የሚለው ወሬ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቁጥር ሊፈተሽ ይችላል፤ የ30 ዓመቱን አማካይ ለማውጣት ግን የዛሬዎቹ ተማሪዎች ልጆች እስኪመዘግቡ ድረስ መጠበቅ ይኖራል።

በተግባር የሚያጋጥመው እንቅፋት ሁለት ነው። አንደኛው መዝገቡ የመምህሩ ደብተር ሆኖ ስለሚቀር መምህሩ ሲዛወር አብሮ መሄዱ ነው፤ ስለዚህ መዝገቡ ማኅተም ተደርጎበት በርእሰ መምህሩ ቢሮ ከመማሪያ መጻሕፍቱ ርክክብ ጋር መያዝ አለበት። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ የዓመቱ ዝናብ ብዙው የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ፣ ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ወቅት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባዶ የሆነ መዝገብ ለምንም አይጠቅምም። በእነዚያ ወራት ከግቢው የማይለየው ጥበቃው ነው፤ ማንበብና መጻፍ የሚችል ከሆነ ጣሳውን የመለካቱ ሥራ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ ትንሽ አበል ሊታሰብለት ይገባል፤ የማይችል ከሆነ በአቅራቢያው የሚኖሩ ሁለት ተማሪዎች በፈረቃ እንዲለኩ ከወላጆቻቸው ጋር አስቀድሞ በሰኔ መነጋገር ያስፈልጋል።